መጽሐፉ ከበር እንዲወጣ፦ የኮምቦልቻ የውሰት አገልግሎት የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መስከረም 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

የቤተ መጻሕፍታችን አዳራሽ ሙሉ ነው፤ መጻሕፍቱ ግን ከመደርደሪያቸው አልተነቃነቁም። ጠዋት በሩ ሲከፈት ደጅ ላይ ተሰልፈው የሚጠብቁን አብዛኞቹ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሆኑ፣ የሚያነቡትም ይዘውት የመጡትን ደብተር፣ ፎቶ ኮፒ የተደረገ የጥያቄ ስብስብና በስልካቸው የጫኑትን መማሪያ እንጂ የእኛን መጻሕፍት አይደለም። ከእኛ የሚሹት ወንበር፣ መብራትና ጸጥታ ነው። ይህን አገልግሎት አቃልለን አናየውም፤ በአንዲት የኪራይ ክፍል ከነቤተሰቡ የሚኖር ልጅ ሌላ ማጥኛ ቦታ የለውም፣ ፈተናውም የዋዛ አይደለም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. እንኳ ቁጥሩ ከ5.4 በመቶ ፈቅ አላለም።

ስለዚህ የዘንድሮው ዕቅዳችን ተማሪውን ከወንበሩ የሚያስነሣ ሳይሆን ከበራችን ውጭ የቀረውን ነዋሪ የሚመለከት ነው። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። የጨርቃ ጨርቁ፣ የቢራው፣ የብረታ ብረቱና የቆዳው ሠራተኛ በፈረቃ ይገባል፣ በፈረቃ ይወጣል፤ ሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም ከየገጠሩ ብዙ ወጣት ሴቶችን ወደ ከተማዋ ስቧል። እኛ ደግሞ በመንግሥት የሥራ ሰዓት ከፍተን በመንግሥት የሥራ ሰዓት እንዘጋለን። ሱቅ የሚጠብቀው፣ ልብስ ሰፊው፣ ሕፃን ያዘለችው እናት፣ ከሌሊት ፈረቃ ወጥታ የምትተኛዋ ሠራተኛ ወደ አዳራሻችን የሚመጡበት ሰዓት የላቸውም። ዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽንና ዩኔስኮ በ1994 እ.ኤ.አ. ያወጡት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መግለጫ፣ በማናቸውም ምክንያት በመደበኛው አገልግሎት መጠቀም ላልቻሉ ሰዎች የተለየ አገልግሎት እንዲዘጋጅላቸው ይጠይቃል። በእኛ ከተማ ያ የተለየ አገልግሎት ምን እንደሆነ ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም፤ መጽሐፍ ማዋስ ነው።

ጥቅምት 8 ቀን

ለምን እንደማናውስ ሲጠየቅ ለዓመታት የተሰጠው መልስ «መመሪያው አይፈቅድም» የሚል ነበር። የመሥሪያ ቤታችንን መመሪያ አውጥተን ከዳር እስከ ዳር ስናነበው ማዋስን የሚከለክል አንቀጽ አላገኘንበትም። እጅ የሚያስረው ሌላ ነገር ነው፤ የንብረት አያያዙ።

መጽሐፍ ተገዝቶም ሆነ በስጦታ ሲመጣ ሞዴል 19 በተባለው የንብረት ገቢ ደረሰኝ ገቢ ይሆናል። ከግምጃ ቤት ወደ አዳራሹ ሲሻገር በሞዴል 22 ወጪ ሆኖ በባለሙያው ስም ይፈረማል። ከዚያች ዕለት ጀምሮ መጽሐፉ እንደ ወንበሩና እንደ ጠረጴዛው በአንድ ዓይን የሚታይ፣ በሰኔ ቆጠራ ከነቁጥሩ መገኘት ያለበት ንብረት ነው። ከእኔ በፊት በዚህ ወንበር የነበሩት ባለሙያ ጡረታ ሲወጡ ክሊራንስ የተሰጣቸው ጎደሉ የተባሉትን መጻሕፍት ከኪሳቸው ገዝተው ከተኩ በኋላ ነው። ይህን ያየ ሠራተኛ መጽሐፍ ቆልፎ ቢያስቀምጥ ሊወቀስ አይገባም። ወንበር ሰው ሲቀመጥበት ያረጃል ተብሎ ይታሰብለታል፣ ዕድሜውም ይቆጠርለታል፤ መጽሐፍ ግን ሲነበብ ያረጃል፣ ሲዞር ይጠፋል ብሎ ያሰበለት የለም።

መጽሐፍን ቆጥሮ መጠበቅ ግን ከሞዴል 19 ጋር የመጣ ነገር አይደለም። ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ አባ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው መቶ ዓመት ለገዳሙ በሰጡት አራቱ ወንጌል ውስጥ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ተጽፎ ይገኛል። በየአድባራቱ በብራና መጻሕፍት ላይ የምናነበው «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን» (የሰረቀውና የፋቀው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን) የሚለው ግዝትም እንደ እኔ አስተያየት የውሰት ደንብ ነው፤ መጽሐፉ ከእጅ እጅ እንደሚዞር ታውቆ የተጻፈ፣ ከደመወዝ ቆረጣም የሚያስፈራ።

እኛ ያቀረብነው ሐሳብ ይኸው ነው፦ ለውሰት የሚሆኑት መጻሕፍት በተለየ መዝገብ እንዲያዙ፣ በዓመት ከተዋሱት መጻሕፍት ከመቶ እስከ ሦስት ቢጎድል በቃለ ጉባኤ እንዲሰረዝ፣ ከዚያ በላይ የጎደለው ብቻ ኃላፊነት እንዲያስከትል። ንብረት ክፍሉ በቃል አልተቃወመም። ኃላፊው ረቂቁን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው ካዩ በኋላ «አብሽሩ፣ ብቻ በጽሑፍና በፊርማ ይሁን» አሉን።

ኅዳር 3 ቀን

የመለየት ሥራ። ማዋስ ከመጀመራችን በፊት ምን እንዳለን ማወቅ ነበረብን፤ መደርደሪያውን ስናራግፍ ያገኘነውም አስደሳች አልነበረም። በስጦታ ከውጭ አገር የመጣው ክምር አብዛኛው ለማንም የማይሆን ነው፤ ጊዜው ያለፈበት የኮምፒውተር ማኑዋል፣ የሌላ አገር የግብር ሕግ፣ አንዱ መጽሐፍ በብዙ ቅጂ። ስጦታ ስለሆነ ብቻ በክብር ሲጠበቅ ኖሯል። ቦታ ይዞ የሚኖር የማይነበብ መጽሐፍ የሚነበበውን ከዓይን ይሰውራልና በንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ በኩል እንዲወገድ ዝርዝሩን አቅርበናል።

የማይወገደውንም በዚያው ወስነናል። ስለ ወሎ የተጻፈ ማናቸውም ነገር፣ ሽፋኑ የተገነጠለም ቢሆን ይቀመጣል። በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በአረብኛ የታተመ ቅጂው አንድ ብቻ ከሆነ ይቀመጣል፤ ለውሰት ግን አይወጣም። በጥራዝ የታሰሩት የአዲስ ዘመን ጋዜጣ ዕትሞችም እንዲሁ።

ከጓሮው ግድግዳ ጋር ተጣብቆ የኖረው መደርደሪያ የታችኛው ረድፍ ሻግቷል። የክረምቱ ዝናብ ግድግዳውን ያርሰዋል፤ እርጥበቱም መውጫ ስለሌለው ወደ መጻሕፍቱ ይገባል። መደርደሪያዎቹን ሁሉ ከግድግዳው አንድ ክንድ አራቅናቸው፣ የታችኛውን ረድፍም ከወለሉ ከፍ አደረግነው። የሻገቱት መጻሕፍት ጥላ ባለው በረንዳ ላይ ተዘርግተው ደረቁ፤ ሻጋታው ከደረቀ በኋላ ነው በለስላሳ ብሩሽ፣ አፍንጫና አፍ ተሸፍኖ፣ ከአዳራሹ ውጭ የሚጠረገው። በእርጥቡ ከተጠረገ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል።

ኅዳር 28 ቀን

የምደባው ሥራ ከጠበቅነው በላይ ክርክር አስነሣ። የምንጠቀምበት የዲዊ አሥርዮሽ ምደባ ነው፤ በ1876 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣና ዕውቀትን ሁሉ ከ000 እስከ 999 በአሥር ክፍል የሚያከፋፍል ሥርዓት። ለእርሻው፣ ለሕክምናው፣ ለሒሳቡ መልካም ነው። በ200ዎቹ ላይ ግን ተንኮሉ ይገለጣል። ከ220 እስከ 289 ያለው ሁሉ ለክርስትና ተሰጥቶ እስልምና በ297 አንዲት ቁጥር ላይ ተጨናንቋል። በኮምቦልቻ፣ መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ ጎን ለጎን በቆሙባት ከተማ፣ ይህን እንዳለ መደርደሪያ ላይ ማውጣት አንደኛውን አንባቢ ጥግ ማስያዝ ይሆናል። ቁጥሩን አልቀየርነውም፤ ሥርዓቱን በየቤቱ ማሻሻል ከተጀመረ ማለቂያ የለውም። ይልቅ 297ን በነጥብ ከፋፍለን ለቁርኣንና ለሐዲስ፣ ለሕግ፣ ለታሪክ የየራሱን ረድፍ ሰጠነው፤ ለሁለቱም እምነት መጻሕፍት እኩል መደርደሪያ፣ እኩል ከፍታ።

ሁለተኛው ክርክር በልብ ወለድ ላይ ነበር። የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ በ892.8 ሥር ይወድቃል፤ ከአንባቢዎቻችን ግማሹ የሚፈልገውን ነገር በአንዲት ረጅም ቁጥር መሰየም ማንንም አይጠቅምም። ስለዚህ ልብ ወለዱን ከቁጥር አውጥተን «ልብ ወለድ» የሚል ቢጫ ወረቀትና የደራሲውን የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ለጠፍንበት። ታሪክ በ963 እንዳለ ቆየ።

ሦስተኛው የፊደል ተራ ነው፤ ይህኛው እውነተኛ ራስ ምታት ነው። አንዱ ደራሲ ስሙን በሐመሩ ሐ፣ ሌላው በብዙኃኑ ኀ፣ ሦስተኛው በሃሌታው ሀ ያሳትማል። ኮምፒውተሩ ደግሞ ፊደሎቹን፣ ለፊደል ሁሉ ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ ተራቸው ስለሚደረድር ሀ፣ ሐ እና ኀ ተራርቀው ይወድቃሉ፤ አንባቢው «ኃይሉ» ብሎ ሲፈልግ «ሀይሉ» አይመጣለትም። የወሰድነው መፍትሔ ሁለት ዓምድ ማዘጋጀት ነው። በአንደኛው የደራሲው ስም ሽፋኑ ላይ እንደታተመ ሳይነካ ይጻፋል፤ በሁለተኛው፣ ለመደርደርና ለፍለጋ ብቻ በሚያገለግለው፣ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይመለሳሉ። ደራሲ በራሱ ስም ይመዘገባል፤ ያባት ስም አይቀድምም፣ ነጠላ ሰረዝም መሃል አይገባም።

ኮሃ የተባለውን ነጻ የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር ስለመጫንም ተነጋግረናል። በኒው ዚላንድ ተሠርቶ በ2000 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለ፣ በብዙ አገር የሚሠራበት መልካም ፕሮግራም ነው። ነገር ግን የሚያስተዳድረው ሰውና የማይቋረጥ መብራት ይፈልጋል፤ ሁለቱም የሉንም። ለጊዜው ኤክሴል ይበቃናል፤ ዓምዶቹን ግን ወደፊት ወደ ኮሃ እንዲዛወሩ አድርገን ሰይመናቸዋል።

ታኅሣሥ 19 ቀን

የጥገና ጠረጴዛው ተከፈተ። ለውሰት ከተለዩት መጻሕፍት መካከል ጀርባቸው የተላቀቀ ብዙዎች ናቸው። ገጾቻቸው በሙጫ ብቻ የተያያዙ የአሁን ዘመን ጥራዞች በተለይ ሁለት ሦስት ጊዜ ተለጥጠው ከተከፈቱ ቅጠል በቅጠል ይረግፋሉ። በስኮች መጠገን በዚህ ቤት ቀርቷል። ስኮች በዓመት በሁለት ዓመት ይደርቃል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ሲላቀቅም ፊደሉን ይዞ ይነሣል።

የሥራው አካሄድ ይህ ነው። የረገፉት ገጾች በተራቸው ተሰብስበው ጠርዛቸው እስኪስተካከል በጠረጴዛው ላይ ይጠቀጠቃሉ፤ ከዚያም ጀርባቸው ወደ ላይ ሆኖ በሁለት ጣውላ መካከል በሞርሳ ይጠበቃሉ። በጀርባው ላይ በቀጭን መጋዝ አግድም ጥልቀት የሌላቸው መስመሮች ይሰነጠቃሉ። ሰም የተቀባ ወፍራም ክር በየስንጥቁ ይቀበራል፤ የክሩ ጫፍ በሁለቱም ወገን ሁለት ጣት ያህል ይተርፋል። የእንጨት ኮላ ጀርባውን ሁሉ እንዲሸፍን ይቀባል፤ ኮላው ገና ሳይደርቅ ከመድኃኒት ቤት የተገዛ የቁስል ፋሻ ይለበጥበታል፣ በፋሻው ላይም እንደገና ኮላ። ፋሻው ስስና ወንፊት ስለሆነ ኮላው በውስጡ አልፎ ወረቀቱን ይይዛል። ሲደርቅ የተረፈው ክርና ፋሻ ከሽፋኑ ጋር የሚጣበቅበት ክንፍ ይሆናል። ሽፋኑ ከጠፋ ካርቶን ተቆርጦ በአቡጀዲ ይለበሳል። የተቀደደ ገጽ በኮላ አይነካም፤ እርሱ የሚጠገነው በስስ ወረቀትና በስንዴ ዱቄት ሙጫ ነው፤ በቀዝቃዛ ውኃ የተበጠበጠ የተነፋ ዱቄት ቀስ ባለ እሳት እየተማሰለ፣ ነጭነቱ ጠፍቶ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ይበስላል። ቢያድር ይኮመጥጣል፣ በረሮም ይጠራል፤ ስለዚህ የዕለቱ ለዕለቱ ይሠራል።

ካርቶኑና አቡጀዲው ከደሴ ፒያሳ ተገዝቶ መጣ፤ እዚህም ይገኛል፣ እዚያ ግን ዓይነቱ ይበዛል። ወስፌውን ያዋሱን አንድ ጫማ ሰፊ ናቸው፤ መጽሐፍ ለመዋስ ከተመዘገቡት መጀመሪያዎቹም እርሳቸው ሆኑ።

ጥር 14 ቀን

በዚህ ወር የተሠራው በወረቀት ላይ ነው፤ ከሁሉም የከበደው ግን ይኸው ሆነ። መጽሐፍ ለማን እናውሳለን? የመጀመሪያው ረቂቅ የቀበሌ መታወቂያና የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ዋስ ይጠይቅ ነበር። በዚህ ደንብ መዋስ የሚችለው በአብዛኛው መጽሐፍ መግዛት የሚችለው ሰው ነው። ከተንታ ወይም ከወረባቦ መጥታ ከጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል የተከራየች የፓርክ ሠራተኛ የኮምቦልቻ መታወቂያ የላትም፤ የምታውቀው የመንግሥት ሠራተኛም የለም። አገልግሎቱ የታሰበው ለእርሷ ሆኖ ሳለ ደንቡ በር ላይ ሊመልሳት ነው።

የመታወቂያውን ነገር «ፋይዳ» የተባለው ብሔራዊ መታወቂያ አቀለለው። የዲጂታል መታወቂያው በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት ያገኘ፣ የትም ቦታ ተመዝግቦ የትም ቦታ የሚያገለግል በመሆኑ የትኛው ቀበሌ ነዋሪ ነህ የሚለውን ጥያቄ ያስቀራል። ካርዱን አይተን እንመልሳለን፤ ኮፒ አናደርገውም፤ በመዝገባችን የሚሰፍረው ስምና ስልክ ብቻ ነው። የሰው ሙሉ የመታወቂያ ቁጥር በማይቆለፍ መሳቢያ ውስጥ ማከማቸት አያስፈልገንም።

የዋሱ ነገር መልስ ያገኘው ከብድርና ቁጠባ ልምድ ነው። ዛሬ ጸደይ ባንክ የሆነው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ንብረት የሌለውን ገበሬ ሲያበድር የኖረው በቡድን ዋስትና ነው፤ አንዱ ባይከፍል ሌሎቹ ይጠየቃሉ። ይህን አሠራር ወደ መጽሐፍ አመጣነው። ከሦስት እስከ አምስት የሚሆኑ ሰዎች አብረው ይመዘገባሉ፤ አንዱ መጽሐፍ ካልመለሰ የቡድኑ ውሰት እስኪመለስ ድረስ ይቆማል። ገንዘብ አይጠየቅም። የመዘግየት ቅጣትም አላስገባንም፤ ቅጣት ደረሰኝና ሒሳብ ያመጣል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቅጣቱን የፈራ ሰው መጽሐፉን ይዞ ይቀራል። የኮሚቴው አባል የሆኑ አንድ አዛውንት መምህር ይህን ሲሰሙ «ዕቁብ አታድርጉት እንጂ» ብለው ቀልደዋል፤ በእኔ አስተያየት ዕቁብ ቢሆን ምንም አይጎዳም።

የካቲት 9 ቀን፣ እሑድ

ውሰቱ ተጀመረ። እሑድን የመረጥነው ብዙ ሠራተኛ የሚያርፍበት ቀን ስለሆነ ነው፤ ከቀትር በኋላ ከ8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት። ቀድመው የመጡት ከአንድ የስፌት መሥመር የሆኑ አራት ሴቶች ነበሩ። ሦስቱ ተመዘገቡ፤ አራተኛዋ መጽሐፉን እንደያዘች ቆመች።

«ጋሼ፣ ስንት ቀን ነው የምይዘው?»

«ሁለት ሳምንት፣ እህቴ።»

«የሚቀጥለው ሳምንት ሌሊት ገቢ ነኝ። ሌሊት ስገባ ቀን መተኛት ነው፤ እሑድም ከሆነ አልነሣም።»

ጠረጴዛውን የሚወለውሉት የጽዳት ሠራተኛችን ቀና ብለው «ሦስት ሳምንት ቢባል መጽሐፉ ያረግዛል?» አሉ። ደንቡ በዚያው ወንበር ላይ ተሻሻለ፤ የውሰት ጊዜ ሦስት ሳምንት፣ ፈረቃ ለሚቀያየርበት አንድ ጊዜ በስልክ ይራዘማል።

ምን እንደተዋሰ መመዝገብ ይጠቅማል፤ ለቀጣዩ ግዢ መመሪያ ይሆናልና። ልብ ወለዱ በአንደኝነት ወጥቷል። ቀጥሎ የእንግሊዝኛ ንግግር መለማመጃ፣ የመንጃ ፈቃድ መጽሐፍ፣ የዶሮ እርባታ፣ ከሁለቱም እምነት የጸሎትና የታሪክ መጻሕፍት። በአዳራሹ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የሚፈለገው የፊዚክስና የሒሳብ መጽሐፍ በዚህ ዝርዝር ላይ የለም ማለት ይቻላል። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት የተለያዩ ሕዝቦች እንደምናገለግል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

መጋቢት 6 ቀን፣ ቅዳሜ

ዘንድሮ ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ተከታትለው ገብተዋል። የእሑዱን ሰዓት ወደ 7 ሰዓት ሳብነው፤ ማፍጠሪያ የምታሰናዳ ሴት 11 ሰዓት ድረስ ከቤት ውጭ መቆየት አትችልም።

የቅዳሜ ጠዋቱ የልጆች ሰዓትም ተጀምሯል። ተረት የሚያወሩት በአካባቢው የታወቁ አንዲት እናት ናቸው፤ «እንቆቅልህ» ሲሉ አዳራሹ በአንድ አፍ «ምን አውቅልህ!» ይላል፤ በሚቀጥለው ክፍል የሚያጠኑት ተማሪዎችም መጀመሪያ አጉረምርመው በኋላ በሩን ገርበብ አድርገው ማዳመጥ ጀምረዋል። ችግሩ ከተረቱ በኋላ ነው፤ ልጁ ይዞ የሚሄደው መጽሐፍ ያጥራል። ለትንንሽ ልጆች የታተመ፣ ሥዕል ያለው የአማርኛ መጽሐፍ ከመደርደሪያችን በጣት የሚቆጠር ነው። ስለዚህ ተረቱን ልጆቹ ራሳቸው በሥዕል ይሠሩታል፤ ትልልቆቹ ጽሑፉን ይጨምራሉ፤ በጥገናው ጠረጴዛ ላይ በክር ተጠርዞ፣ አቡጀዲ ለብሶ፣ ቁጥር ተሰጥቶት ወደ መደርደሪያው ይገባል። ከእነዚህ አንዱ በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ጻፊዋ ከከሚሴ በኩል የመጣች የአራተኛ ክፍል ተማሪ ናት።

ሚያዝያ 20 ቀን

ኪዊክስ የተባለውን ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ቋት ራስበሪ ፓይ በተባለች መዳፍ በምታክል ኮምፒውተር ላይ ጫንን። ተማሪዎች በስልካቸው ዋይፋይ እየተገናኙ ዊኪፔዲያን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ያነባሉ። የአማርኛው ከእንግሊዝኛው ጋር የማይወዳደር ትንሽ ነው፤ ቢሆንም የኔትወርክ መቆራረጥ አያግደውም፤ በፓወር ባንክም ስለሚሠራ መብራት ሲጠፋ ይቀጥላል።

በዚያው ሰሞን መጽሐፍ በሙሉ ፎቶ ኮፒ እንዲደረግለት የጠየቀ ተማሪ ነበር። የቅጂ መብት አዋጁ ቁጥር 410/1996 ለቤተ መጻሕፍት የሚፈቅደው ለግል ጥናት የሚሆን አጭር ክፍል ቀድቶ መስጠትን ነው። ይህንኑ በኮፒ ማሽኑ ላይ ለጥፈነዋል።

ግንቦት 14 ቀን

ለሁለት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የመጽሐፍ ሣጥን ተዘጋጀ። ሣጥኑ በባጃጅ ይሄዳል፣ በወሩ ተመልሶ ይለወጣል። በአገራችን ለዚህ ዓይነቱ ሥራ የሚጠቀሰው በሐዋሳ በአህያ ጋሪ መጽሐፍ ወደ ልጆች ያደረሰው የኢትዮጵያ ሪድስ ድርጅት ተሞክሮ ነው፤ መሥራቹ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ቀደም ሲል በአዲስ አበባ የልጆች ቤተ መጻሕፍት የከፈቱ ናቸው። እኛ ዘንድ ባጃጁ ይረክሳል፤ የትምህርት ቤቱ ተላላኪ ራሱ ይዞት ሲሄድ ደግሞ በነጻ ነው። በትምህርት ቤቱ በኩል ሣጥኑን የሚረከበው ርእሰ መምህሩ ሳይሆን የቤተ መጻሕፍት ክበቡ ተጠሪ መምህር እንዲሆን አድርገናል፤ ርእሰ መምህር ቢሮ የገባ ሣጥን ይቆለፍበታል።

ማየት ለተሳናቸው አንባቢዎች ማሰማት የተጀመረው ከዚህ ወር ወዲህ ነው። በጎ ፈቃደኞች አጫጭር ልብ ወለዶችን በስልክ ይቀዳሉ፣ ቅጂውም በሚሞሪ ካርድ ይተላለፋል። ማየት ለተሳናቸው ሰዎች የታተሙ ሥራዎችን ተደራሽ ለማድረግ የወጣውን የማራካሽ ስምምነት ኢትዮጵያም ስለተቀበለችው ሥራው ሕጋዊ ድጋፍ አለው። የንባቡ ጥራት ግን ገና ነው፤ ባጃጅ፣ ዶሮና የስልክ ጥሪ አብረው ተቀድተዋል።

ሰኔ 29 ቀን

ተማሪዎቹ ለፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ስለገቡ አዳራሹ ጭር ብሏል። ቆጠራውን የምንጀምረው ሁልጊዜ በዚህ ሰሞን ነው፤ ዘንድሮ ግን የሚቆጠረው ሁለት መዝገብ ነው፤ ከአዳራሹ የማይወጣውና የተዋሰው። ከንብረት ክፍሉ የመጣው ቆጣሪ መጀመሪያ የውሰቱን መዝገብ አነሣ፤ ሁላችንም የት ላይ ጉድለት እንደሚጠበቅ ስለምናውቅ አልተገረምንም። በእጅ ያሉት ተቆጠሩ፤ በሰው እጅ ያሉት ደግሞ በየቡድኑ ስልክ እየተደወለ ተረጋገጡ። አንዲት ልጅ ወደ አገሯ ተመልሳለች፤ የቡድኗ አባላት መጽሐፉን ከደላንታ በሰው አስመጥተው አስረክበዋል።

ሐምሌ 10 ቀን

የቆጠራው ሪፖርት ደረሰ። ከተዋሱት መጻሕፍት የጎደለው በረቂቁ ከተጠየቀው ከመቶ ሦስት በታች ነው፤ አብዛኛውም የእንግሊዝኛ መለማመጃና የመንጃ ፈቃድ መጽሐፍ ነው፤ እነዚህ ደግሞ ርካሽና በቀላሉ የሚተኩ ናቸው። ሪፖርቱን ያነበበውን ሁሉ ያነጋገረው ግን ሌላኛው መዝገብ ነው። ከበር እንዳይወጡ ከተከለከሉት፣ አዳራሹ ውስጥ ብቻ ከሚነበቡት መጻሕፍት የጎደለው ከተዋሱት ከጎደለው ይበልጣል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የተዋሰ መጽሐፍ ስም፣ ስልክና ቡድን አለው፤ በጃኬት ሥር የወጣ መጽሐፍ ምንም የለውም። ገጻቸው የተገነጠለባቸውም ቢሆኑ በብዛት የአዳራሾቹ ናቸው፤ ኮፒ ማድረግ ያልቻለ ተማሪ ገጹን ይዞ ይሄዳል።

ኮሚቴው የውሰቱን ጉድለት በቃለ ጉባኤ ሰርዞ ፈርሟል። በ2018 በጀት ዓመት የውሰት መጻሕፍት በሞዴል 22 ሲወጡ የውሰት መዝገቡ ቁጥር በአባሪነት እንዲያያዝ ተወስኗል፤ ስለዚህ የሚቀጥለው ባለሙያ ሲረከብ ባዶ መደርደሪያ አይፈረምበትም። የመማሪያ መጻሕፍት ሁለተኛ ቅጂም ለአንድ ሌሊት ውሰት እንዲፈቀድ ጠይቀናል፤ ተማሪው ማታ ወስዶ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ይመልሳል፤ ገጽ መገንጠሉን ይቀንሰዋል ብለን እናስባለን። ለበጀቱ የቀረበው ጥያቄ የልጆች የአማርኛ መጻሕፍትን፣ አቡጀዲን፣ ፋሻንና የእንጨት ኮላን ይዟል። የእሑዱ ሠራተኛ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ገና አልተፈቀደም፤ መልሱ እስኪመጣ እሑድን ተራ ገብተን እየከፈትን ነው።